እናቴ የሬዲዮ ድንጋይ ያሞቀች ዕለት

ሳቄን መቆጣጠር አልችልም። ለቅሶ ቤት ስቄ ተቆንጥጫለሁ፤ በፖለቲካ ትምህርት ላይ ስቄ ከክፍል ተባርሬያለሁ፤ ሠርጌ ላይ ቄሱ እየመከሩን ሳለ ስቄ አማቼ ስንት ጊዜ አኩርፈውኛል። በደርግ ዘመን ያለ ቦታው መሳቅ ደግሞ ጨዋታ አልነበረም። ግን በሕይወቴ ከሳቅኩት ሁሉ አንዱን የሚያክል የለም፤ እናቴ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቆማ ስትመረመር፣ ጠመንጃ በያዙ ሰዎች መሀል የሳቅኩት ሳቅ። የዚያ ሁሉ ጉድ መነሻ የሬዲዮ ድንጋይ ነው።

ቤታችን ከሾላ ገበያ ወደ መገናኛ ሲወጣ ገባ ብሎ ነበር፤ ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሌሎች ጋር የምንጋራው ግቢ። ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል። የሰፈራችን ሰው ታዲያ ለምዶታል፤ የጀመረውን ወሬ ባለበት ይይዝና አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ጠብቆ ይቀጥላል። ሲሳደብ የነበረም ቢሆን ጠብቆ ነው የሚቀጥለው።

አባዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ዝምተኛ ነው። ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ያወልቅና ሬዲዮው ፊት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። ሬዲዮው በግቢያችን ያለ ብቸኛው ሬዲዮ ነው፤ እማዬ የሠራችለትን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ኮመዲኖ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ይውላል። እማዬ ደግሞ ወሬ ትወዳለች። አይ፣ ትወዳለች አይገልጸውም! ሽንኩርት ልትገዛ ሾላ ሄዳ ስትመለስ የሻጯን ችግር፣ የሻጯን ባል ችግር፣ የአህያዋን ችግር ይዛ ነው የምትመጣው። ልክ ለአባዬ ልትነግረው አፏን ስትከፍት እጁን ያነሳል።

«ዝም በይ እስቲ፣ ሰውዬው ይናገር!»

ሰውዬው የሚለው ዜና አንባቢውን ነው። እማዬ ወሬዋን ትውጠዋለች፤ ትውጠውና ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ ትጨርሰዋለች። እኔ እስቃለሁ። ያን ጊዜ አባዬ ሁለታችንንም ይቆጣናል። የእኛ ቤት ምሽት ይኸው ነበር።

ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ፣ ያኔ ሬዲዮ ውስጥ የሚገባውን ባትሪ «ድንጋይ» ነበር የምንለው። ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አለቀ ተብሎ አይጣልም፤ ይታከማል። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሰው በርበሬ ሲያሰጣ እኛ ከበርበሬው ጎን ድንጋይ እናሰጣለን። ፀሐይ ካልረዳው በጥርስ ይነከሳል፤ ጎኑ ጎድጎድ ብሎ የጥርስ ምልክት የሌለው ድንጋይ ሀብታም ቤት ብቻ ነው ያለው። እሱም እንቢ ካለ የመጨረሻው መድኃኒት እሳት ነው፤ ከሰል ምድጃው ዳር ለብ አድርጎ ቶሎ መልሶ መክተት። ለትንሽ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። አንዳንዱ ግን ነፍስ ከመዝራት አልፎ ይፈነዳል።

ይኼንን ከማንም በላይ የምታውቀው እማዬ ነበረች። ከጥራጊ ጋር አብሮ እሳት የገባ ድንጋይ ፈንድቶ የአንዲት የሰፈር ሴት ጉልበት ሲጠብስ በዓይኗ አይታለች። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት በከሰል ፍም የተነሳ የተቃጠለ ጊዜ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ስለ እሳት ጥንቃቄ የሚያስተምር ሰው ሲፈልግ፣ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ቃል እሷን ጠቆሙ። አፍ ያላት እሷ ናታ! አዳራሽ ሞልቶ፣ ያለ ወረቀት፣ ቆማ ተናገረች። ዕድሏ ሆኖ በዚያ ቀን ከሬዲዮ የመጣ ጋዜጠኛ መቅረጫውን በትከሻው አንግቶ ተገኝቷል። ማይክሮፎኑን አፏ ስር ደቀነላት፤ እሷም አልደነገጠችም። መሀል ላይ አውሮፕላን ሲመጣ «ቆይ እስቲ፣ አውሮፕላኑ ይለፍ» ብላ ጋዜጠኛውን አስቆመችው። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ከንፈሬን ነክሼ ነበር የማያት።

ጋዜጠኛው ሲሄድ «በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይተላለፋል» አላት። አለቀ! ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እማዬ እግሯ መሬት አልነካም። ሾላ ውስጥ ያልነገረችው ሻጭ የለም። አባዬ ማታ እራት ላይ ቀስ ብሎ «ምንድን ነው የተናገርሽው?» ሲላት ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አልነግርህም። ሲተላለፍ ትሰማለህ። እኔ ሳወራ ዝም በይ ትለኛለህ አይደል? እንግዲህ ሬዲዮውን ዝም በል በለው!»

አባዬ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እኔ ውሃ እየጠጣሁ ነበር፤ በአፍንጫዬ ወጣ።

ስቄ ልለፈው እንጂ ነገሩ ለእሷ ቀልድ አልነበረም። ማታ ከእኔ ጋር ዕቃ ስታጥብ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ «አባትሽ እኮ ያን ሬዲዮ ሲያዳምጥ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እኔን እንደዚያ ሲሰማኝ ልየው» አለች። ድምፄን ልስማ ብትል ደግሞ ያኔ መልሶ የሚያሰማ ነገር የለም። ሬዲዮ አንዴ ተናግሮ ካለፈ አለፈ ነው። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ያመለጣት እንደሆነ ለዘላለም አመለጣት።

ዓርብ ማታ አባዬ እንደ ልማዱ ዜናውን ከፈተ። ዜና አንባቢው መሀል ላይ ድምፁ እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄደና የታመመ ሰው መስሎ ጸጥ አለ። ድንጋዩ አለቀ። እማዬ ከወንበሯ ተነስታ አባዬን ያየችው አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

«የእኔን ድንጋይ ለዜና ጨረስከው?»

«የአንቺ ድንጋይ የሚባል አለ እንዴ?»

«ዛሬ አለ!»

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኅብረት ሱቅ ሮጥኩ፤ ድንጋይ የለም። ሾላ ወረድኩ፤ የለም። መገናኛ ድረስ ሄድኩ፤ ባለሱቁ «ልጄ፣ ድንጋይ ከገባ እኮ ሰነባበተ» አለኝ። ስመለስ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ክረምት ስለሆነ ፀሐይ የሚባል ነገር በሰማይ የለም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነከስኳቸው፤ ጥርሴ ታመመ እንጂ ሬዲዮው አልተነፈሰም። አባዬ ማታ ሰፈር ለመጠበቅ ሮንድ ሲወጣ የሚይዘውን የእጅ ባትሪ ፈታንና በእሱ ድንጋይ ሞከርን፤ ሬዲዮው «ክር» ብሎ ተወው።

አባዬ ጥፋተኛነቱ ተሰምቶታል መሰል፣ እንደ ወትሮው አልተቀመጠም፤ በቤት ውስጥ ይንጎራደዳል። «ሌላ ሰው ቤት ሄደን እንስማው» ሲላት «የራሴን ድምፅ ሰው ቤት ሄጄ ልለምን? ሰዉን ሁሉ እዚህ ጠርቼ!» አለችው። እውነቷን ነበር፤ የግቢው ሴቶች በሙሉ ተጠርተዋል። ሻይ ተፈልቷል፣ ቆሎ ተቆልቷል፣ ሰሌን ተነጥፏል።

መጀመሪያ የገባችው ባሏ ሾላ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው የወሎዋ ጎረቤታችን ናት። የእማዬ የልብ ጓደኛ ናት፤ ስትናገርም አትፈራትም። በሩ ላይ ቆማ ምድጃውን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እማዬ ድንጋዮቹን በድስት ክዳን ላይ ደርድራ ከከሰሉ ዳር አስቀምጣቸዋለች። ዝናብ ስለሆነ ምድጃውም ቤት ውስጥ ነው።

«አንቺ! ይኼን ነገር አታድርጉ ብለሽ አይደል እንዴ አዳራሽ ሰብስበሽ ያስተማርሽን?»

«እሱ ዓይኑን ለሚነቅል ሰው ነው» አለች እማዬ። «እኔ እያየሁት ነው።»

«ወላሂ ጉድ ነው!» አለችና ከምድጃው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ብልህ ሴት ናት።

እማዬ እውነቷን ነው፤ ለትንሽ ጊዜ አየችው። ከዚያ ሴቶቹ ገቡ። አንዷ «እስቲ ምን ብለሽ ነው የተናገርሽው?» አለቻት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእማዬ ይጠየቃል? ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ቆመች። «እህቶቼ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም…» ብላ ከአናቱ ጀመረችው። እጇ ይወራጫል፣ ዓይኗ ያበራል። ከሰል ሳይጠፋ ቤት ዘግታችሁ አትተኙ አለች። ላምባ ከእሳት አጠገብ አታስቀምጡ አለች። ወደ ድንጋዩ ምክር ገና አልደረሰችም።

ቧ!

ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የሚጮኽ ነገር ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሰማ ያውቀዋል። ክዳኑ ተነስቶ ግድግዳውን መታው፤ ጥቁር ትኩስ ጭቃ የመሰለ ነገር በየፊታችን ተረጨ፤ ፍሙ ተበተነ። ሴቶቹ ኧረ በስመአብ፣ ያ አላህ እያሉ በአንዲት በር ለመውጣት ተጋፉ። የአልጋችን መጋረጃ ጫፉ ተያያዘ። አባዬ ዘሎ ሲነሳ ሬዲዮውን ሊያድን ነው ብዬ ነበር። አላየውም እንኳ። እማዬን ሁለት ጉንጯን ይዞ «ዓይንሽን! ዓይንሽን አሳዪኝ!» እያለ ይጮኻል። ዓይኗ ደህና ነበር፤ አገጯ ላይ ብቻ ትንሽ ፈጅቷታል። ከዚያ ከበሩ ኋላ የተቀመጠውን የላምባ ጀሪካን አንስቶ በዝናቡ ውስጥ ወረወረው። ያን ጊዜ ነው እኔ የፈራሁት፤ ጀሪካኑ ከመጋረጃው አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

የወሎዋ ጎረቤታችን ደግሞ አልሸሸችም። በሩ ላይ የተዘፈዘፈ ልብስ ያለበት ሳፋ አገኘችና ከነልብሱ ደፋችው። መጋረጃው ጠፋ፤ ምድጃው ጠፋ፤ የአባዬ የሥራ ሱሪ ከነሳሙናው መጥቶ አባዬ ፊት ላይ ተለጠፈ። ሱሪውን ከፊቱ ላይ ልጦ ሲያወርድ ፊቱ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ አረፋ ነው። በቃ፣ ሳቄ አመለጠኝ። እማዬም ሳቀች። እየሳቅን ሳለ የፊሽካ ድምፅ ሰማን።

አብዮት ጠባቂው ጠመንጃው ከእሱ የሚረዝም ልጅ እግር ነው። በዚያ ዘመን ፍንዳታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለነበረ ሰው አይነገርም፤ ልጁ ራሱ ይንቀጠቀጣል። «የፈነዳው ምንድን ነው? ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለ። «የሬዲዮ ድንጋይ ነው» ብንለው «ቀበሌ ትናገራላችሁ» ብሎ አባዬን፣ እማዬን፣ እኔንና ሳፋዋን እንደታቀፈች ጎረቤታችንን በዝናብ ነዳን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮ አለ፤ ጎላ ብሎ የሰልፍ ሙዚቃ ያሰማል። ከሱቅ የጠፋው ድንጋይ የት እንደገባ ያኔ ገባኝ። እማዬ ሬዲዮውን ስታይ ጠመንጃውንም፣ ሊቀመንበሩንም ረሳች።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች አባዬን በሹክሹክታ።

«አንቺ! ሰዓት ለምን ፈለግሽ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንዲያው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። አሥር ሰዓት ሆኗል?»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አሥር ሰዓት ላይ ምንድን ነው የሚሆነው? ሌላ የሚፈነዳ አለ?»

አብዮት ጠባቂው ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እኔ ጥርሴን ገጥሜ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፤ ሳቄ ግን ሊያመልጠኝ ነው። እማዬ «ኧረ የለም! እኔ ነኝ!» አለች። «እኔ ነኝ የምተላለፈው!» ሊቀመንበሩ ምንም አልገባውም። ስለ አናርኪስት፣ ስለ አሻጥር፣ ስለ ንቃት ማነስ ጠረጴዛውን እየደበደበ ያወርድብን ጀመር። ሙዚቃው ቆመ። ሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰው የሆነ ነገር ተናገረ። ከዚያ ከሊቀመንበሩ ጩኸት ስር፣ ቀጭን ሆኖ፣ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«…ግን ቤት አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ እሳት በየቀኑ አነዳለሁ…»

እማዬ ደረቷን ያዘች። ሊቀመንበሩ አላቆመም፤ እየጮኸባት ነው። የራሷን ድምፅ ለመስማት አንገቷን ወደ ሬዲዮው ዘንበል ታደርጋለች፤ ሰውዬው ደግሞ በጩኸት ይሸፍንባታል። እንባዋ መጣ። እንደዚያ ቀን እናቴ አሳዝናኝ አታውቅም።

ድንገት አባዬ እጁን አነሳ። ያችን ሁልጊዜ በእሷ ላይ የሚያነሳትን እጅ።

«ዝም በሉ!»

አባዬ፣ ያ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ፊቱ ጥላሸት እንደለበሰ፣ ሊቀመንበሩን ዝም በሉ አለው!

«ዝም በሉ እስቲ፣ ሚስቴ ትናገር!» አለና ወደ ጠረጴዛው ሄዶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ አስጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ።

ሊቀመንበሩ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አብዮት ጠባቂው አንዴ ሊቀመንበሩን አንዴ ሬዲዮውን ያያል። እማዬ ሬዲዮውን አላየችም፤ አባዬን ነው የምታየው። ከሬዲዮው ውስጥ ጉርምርምታ መጣ፤ «ቆይ እስቲ፣ አውሮፕላኑ ይለፍ» አለች እናቴ በሬዲዮ። ሁላችንም፣ ሊቀመንበሩ ጭምር፣ ቀና ብለን ጣሪያውን አየን። ጉርምርምታው አለፈ። እሷ ቀጠለች።

«ድንጋይ ደከመ ብላችሁ እሳት አታሙቁት፣ እህቶቼ። ውስጡ የታመቀ ነገር አለ። ሲሞቅ መውጫ ያጣል፤ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። እኔ እያየሁት ነው አትበሉ። ዓይናችሁን ነቅላችሁ ወሬ ትጀምራላችሁ፤ እሱ ግን አይጠብቃችሁም።»

ጎረቤታችን ሳፋዋን ለቀቀችው፤ «ያ አላህ!» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ አለቀልኝ። ሳቄ ከሆዴ ተነስቶ ሲወጣ ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር። ሊገድሉኝ ነው ብዬ እያሰብኩ ነው የምስቀው። አብዮት ጠባቂው አፉን በክንዱ ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ሊቀመንበሩ ሊቆጣ ሞከረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ፤ ከዚያ ሬዲዮውን፣ የእማዬን የተፈጀ አገጭ፣ የአባዬን ጥቁር ፊት በየተራ አይቶ ወንበሩ ላይ ተዘረጋና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሂዱ» አለ እንባውን እየጠረገ። «ሂዱ ከዚህ! እሁድ ስብሰባ ላይ ግን ትምህርቱን ትደግሚዋለሽ። ያንን አገጭሽን ሳትሸፍኚ!»

ወጣን። ዝናቡ አባርቷል። ጎረቤታችን ሳፋዋን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ቀደመች፤ እኔ እየሳቅኩ ተከተልኳት፤ እነሱ ከኋላ ናቸው። እማዬ ዝም ብላለች፤ እማዬ ዝም! ዞሬ አየኋት፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። አባዬ ጎን ለጎኗ ጭቃውን እየመረጠ ይሄዳል።

«መጀመሪያው አመለጠኝ» አላት። «ሰውዬው ሲጮኽ። ምን ነበር ያልሽው?»

እማዬ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እህቶቼ፣ እኔ የተማርኩ ሰው…» ብላ ገና ከመጀመሯ ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ደመናውን ሰንጥቆ በላያችን መጣ። ድምፁ ሁሉን ዋጠው። አባዬ እጁን አነሳ።

«ቆዪ እስቲ፣ አውሮፕላኑ ይለፍ» አላት።

መንገድ መሀል ቆመው ጠበቁት። ሲያልፍ አባዬ ጆሮውን አስጠጋላት።

«እሺ፣ ቀጥዪ።»